ሽባነቴን በጉርሻ ያጣሁበት ቀን

ሰኞ ጠዋት አውቶቡሱ አልከፈተልኝም። አዲስ ነገር አይደለም። ሽባ ነኝ፤ ከአራት ጊዜ አንዱን የትኛውም በር አይከፍትልኝም። አንባሬን ወደ በሩ አስጠጋሁ። በሩ ቢጫውን ቀለም አየና «ሽባ ነው፤ ተራው አልፏል» ብሎ ዝም አለ።

እግሬ ደህና ነው። እጄም ደህና ነው። ሽባ የሆነው ተራዬ ነው።

ከኋላዬ የቆሙት ሴትዮ አንባራቸው ሐምራዊ ነበር። የተመረዘ ሰው በየፌርማታው ትንሽ ትንሽ አቅም ይቀነስበታል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ይቸኩላል።

«አንተ ልጅ፣ እዚህ ተተክለህ የምትውል ከሆነ አሳልፈኝ» አሉ።

«ይለፉ፣ እማማ» አልኩ። በሆዴ ነው ያልኩት።

እሳቸው ገቡ። ቀጥሎ ቀይ አንባር ያሰረ ጫኝ ገባ፤ የተቃጠለ ሰው የሚያነሣው ሸክም በግማሽ ስለሚቀንስ አንዱን ጆንያ ለሁለት ከፍሎ ነበር የሚያመላልሰው። በመጨረሻ ግራ የተጋባ ጎልማሳ መጣ። ሹፌሩን ሊሰድብ ፈልጎ ራሱን ሰደበ። አጥብቆ ነው የሰደበው፣ እስከ አያቱ ድረስ። ተሳፋሪው ሁሉ ፊቱን ወደ መስኮት አዞረ። በእኛ ከተማ በሰው ሁኔታ መሳቅ ነውር ነው፤ ነገ ማንን እንደሚይዝ አይታወቅም።

ሁለተኛው አውቶቡስ ከፈተልኝ። አደባባዩ ጋ ያ በረዶ የሆነው ሰውዬ አሁንም ባንኩ በር ላይ ቆሟል። አንድ እጁ ወደ በሩ እንደተዘረጋ ነው። የሚቀልጥበት ቀን ስለማይታወቅ የባንኩ ጥበቃ በየጠዋቱ አቧራውን ያራግፉለታል፣ ዝናብ ሲመጣም ላስቲክ ያለብሱታል። ሚስቱ አልፎ አልፎ ትመጣና የልጆቹን ወሬ ነግራው ትሄዳለች።

ሁኔታ የሚመጣው ከግጥሚያ ነው። ድሮ ሰው ሲጣላ ይደባደብ ነበር፣ ወይም ፍርድ ቤት ይመላለስ ነበር ይባላል። አሁን አውሬ ያጋጥማል፤ አንተ አንድ ጊዜ፣ እሱ አንድ ጊዜ፣ ተራ በተራ፣ ጩኸት የለም። አውሬህ በግጥሚያው የያዘው ሁኔታ አንተንም ይይዝሃል፤ ስትፈወሱም አብራችሁ ነው። ባለቤቱ ደህና ውሎ ቢያድር ለአውሬው ማን ያዝንለታል ብለው ነው አሉ ደንቡን ያወጡት። አሳቢ ሰዎች ነበሩ።

አውሬ የሚሰጠን በሰባት ዓመታችን፣ ትምህርት ቤት በገባንበት ቀን ነው። ከሚኖርበት ትንሽ ሳህን ላይ ብቅ ሲል ስም ታወጣለታለህ፤ ስሙ ከዚያ በኋላ አይቀየርም። እኔ በጉጉት ዓይኔን ጨፍኜ «አንበሴ» አልኩ። ዓይኔን ስገልጥ እንቁራሪት ነው። የእኔም ስም ከዚህ አይሻልም። የተወለድኩት የአያቶች ስም እንደገና ፋሽን በሆነበት ዘመን ስለሆነ ወላጆቼ ልሳነወርቅ አሉኝ። ልሳነወርቅና አንበሴ። አንዱ አይናገርም፣ ሌላው አያገሣም። እንዲህ ሆነን አብረን አደግን።

ሥራዬ ጣሪያ ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ማጠብ ነው። ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ሰሌዳ ለማጠብ ይበቃል። አዳማ አቧራ እስካላት ድረስ ሥራ አላጣም፤ ጣሪያ ላይ ደግሞ የሚያናግርህ ሰው የለም። ሽባ የሆንኩትም እዚያው ነው። ደረሰ የሚባል የሥራ ባልደረባዬ የውኃ ቧንቧ ያለበትን ጣሪያ እኔ ልያዝ አለ። እኔም እሺ ልለው ነበር። ግን ቶሎ ስላልመለስኩ አንባሬ ክርክር ብሎ መዘገበው፤ ግጥሚያ ታዘዘ። የእሱ ዓሣ አንበሴን በኤሌክትሪክ ነካው፤ አለቀ። ልሰጠው የፈለግኩትን ጣሪያ ተሸንፌ ሰጠሁት።

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት አልፎታል። ሰው ለምን አትፈወስም ይለኛል። መድኃኒቱ ጠብታ ነው፤ በነጻ ነው፤ መስኮቱ ጋ ሄዶ መጠየቅ ብቻ ነው።

ችግሩ መጠየቁ ላይ ነው።

የፈውስ መስኮቱ በሰፈራችን ሱቅ ጎን ነው። በዚያው መስኮት ለታመሙ ሰዎች ሳሙናም ይሸጣል፤ ደህና ሰው ግን ሳሙናውን በሱቁ በር ገብቶ ነው የሚገዛው። መስኮቱ ውስጥ ወለላ አለች። ወለላ ሮቤል። ቅዳሜ ቅዳሜ እሰለፋለሁ። ሽባ ሰልፍ ላይ ሁልጊዜ መጨረሻ ስለሆነ ከኋላዬ የመጣ ሁሉ ይቀድመኛል። አይከፋኝም፤ ከሩቅ ሳያት እቆያለሁ። የተመረዘውን «አይዞህ» ትለዋለች። የተቃጠለውን እጁን በቀስታ ይዛ ጠብታውን ታንጠባጥብለታለች። ግራ የገባው ሰው ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ መንገዱን ሲያናግር እጇን በመስኮቱ አውጥታ ትከሻውን ይዛ ታዞረዋለች። ከዚያ የእኔ ተራ ይደርሳል። «ለሽባ መድኃኒት» ልል አፌን እከፍታለሁ።

«ሳሙና» እላለሁ።

በመጀመሪያው ቀን ደንግጬ የተናገርኩት እሱን ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ነገር ብጠይቅ ባለፈው ዋሽቶኛል ትላለች ብዬ ፈራሁ። በሦስተኛው ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣ፤ ከተፈወስኩ በሱቁ በር ግባ እባላለሁ። ይኸው እስከ ዛሬ ሳሙና አለኝ።

በነሐሴ የመጨረሻ ቅዳሜ ከእኔ በስተቀር ሰልፈኛው ሁሉ ሄዶ ነበር።

«ዛሬም ሳሙና?» አለች ወለላ።

«አዎን፣ እባክዎን።»

በሁለት ዓመት ታንሰኛለች። አንቱ ማለት የጀመርኩት ከድንጋጤ ነው፤ ካስለመድኩ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ።

«ቤትህ በጣም ንጹሕ መሆን አለበት።»

«ደህና ነው።»

«እንግዲህ ከዚህ በኋላ ሳሙናህን የሚጠቀልልህ ሌላ ሰው ነው» አለች፣ ወረቀቱን እያጠፈች። «የዝውውር ዕጣ ወጣብኝ። ሰመራ። መስከረም ሲጠባ በመጀመሪያው አውቶቡስ ነው የምሄደው።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ከሰመራ መስኮት የተመለሰ ሰው ታውቃለህ?»

እኔ እንኳን ከሰመራ፣ ከጎረቤት ሰፈር የመጣ ሰውም አላውቅም። ሳሙናውን ይዤ ቆምኩ። አንድ ነገር ልል ነበር። አንባሬ ቢጫ ብልጭ አለ፤ ተራዬ አለፈ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ባይዘኝም የምለው አልነበረኝም። የሽባነት ጥሩነቱ ይህ ነው፤ ዝም ያልከው ሁሉ በእሱ ይሳበባል።

ጋሽ ዮናታን አከራዬ ናቸው። በወጣትነታቸው ታክሲ ነድተዋል፤ እስካሁንም ሰው ሲያናግሩ ከኋላ ወንበር ለተቀመጠ ሰው ይመስል ግማሽ ፊታቸውን ብቻ ነው የሚያዞሩት። በማግሥቱ ክፍሌ ውስጥ አይጥ ገብታለች ብለው አልጋዬ ሥር ጎንበስ አሉ። ቆዩ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ሳሙና ነው፣ ጋሼ።»

«እሱንማ አየሁት። ከማን ነው?»

ነገርኳቸው። ለመናገር ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ፤ እሳቸውም እስክጨርስ አይጧን ረሷት።

«የሮቤል ልጅ? የጂኦግራፊ አስተማሪ የነበረው?»

«አዎን።»

«በቃ፣ ሽማግሌ ሆኜ እሄድልሃለሁ።»

ድሮ ጠያቂው ቤቱ ቁጭ ይል ነበር፤ ሽማግሌ ሄዶ ይለምንለት ነበር። ለእኔ ዓይነቱ ሰው የተፈጠረ ሥርዓት ነበር፤ ዘግይቼ ተወለድኩ። አሁን መጀመሪያ ልጅቷ ትጠየቃለች። እሷ አልፈልግም ካላለች ጠያቂው ሳህኑን ይዞ ከሽማግሌው ጋር ይሄዳል፤ አውሬው ከቤተሰቧ አውሬ ጋር ይጋጠማል። የጠያቂው ወገን ካሸነፈ እሺ ነው። ከተሸነፈ እንቢ ተብሎ ይመዘገብና ዓመት ሳይሞላ ያንን ቤት መጠየቅ አይችልም። ለእኔ ዓመት ማለት ሰመራ ማለት ነው።

ወለላን የጠየቋት ጋሽ ዮናታን ናቸው። ሲመለሱ ምን አለች አልኳቸው።

«ሳሙናው ገና አላለቀም ወይ? አለችኝ።»

«ይህ እሺ ነው?»

«እንቢ የምትል ሴት ስለ ሳሙናህ ምን አስጨነቃት?» አሉና ቁጭ አሉ። «ይልቅ ስማኝ። የሮቤል ጉጉት ጸጥታ ትባላለች። ሁልጊዜ መጀመሪያ የምታደርገው አንድ ነገር ነው፤ ክንፏን አራግፋ ታስተኛለች። ከዚያ ውጪ የምታውቀው በላባዋ መጠፍጠፍ ነው፤ እሱ ደግሞ ትንኝ አይገድልም። ከአንተ በፊት የመጡት ሁለት ጠያቂዎች ተኝተው ነው የተሸነፉት።»

«እኔም እተኛለሁ ማለት ነው።»

«አትተኛም። ለምን?»

ጣታቸውን ወደ አንባሬ ቀሰሩ።

«ሽባ ነሃ! አንድ አካል የሚይዘው አንድ ሁኔታ ነው። ሽባ አይተኛም፣ የተመረዘ አይቃጠልም። ቦታው ተይዟል።» ደስ ብሏቸው ጉልበቴን መቱኝ። «ብልጦቹ ለዚህ ብለው አይደል ትንሽ ቃጠሎ ይዘው የሚዞሩት? አንበሴ በየተራው መርዙን ያንጠባጥብባታል። ሽባነቱ ከአራት አንዱን ቢነጥቀውም በቀሪው ይጨርሳታል። ልጄ፣ ይህ ሽባነትህ ሦስት ዓመት ሥራ ፈትቶ ነበር፤ አሁን ሥራ አገኘ። ብቻ እስከዚያ ድረስ እንዳትፈወስ።»

«ለሱ ጎበዝ ነኝ» አልኩ።

አንድ ነገር ብቻ አሳሰባቸው። ድሮ እንግዳ ሲመጣ እግር ይታጠብ ነበር ይባላል፤ አሁን የሚታጠበው ሁኔታ ነው። ጨዋ ቤት እንግዳውን እንደታመመ አያስቀምጥም። ስለዚህ የምለውን አስጠኑኝ፤ «ሐኪም ከልክሎኛል።» ሁለት ቃል ነው። መንገዱን ሙሉ ለአንበሴ ሳህን እየደጋገምኩ ሄድኩ። እንከን አልነበረውም።

የእነ ወለላ ቤት ኮንዶሚኒየም ላይ ነው፤ አሳንሰሩ እንቢ ስላለኝ በደረጃ ወጣን። በሩን የከፈቱት እናቷ ወይዘሮ ህሊና ናቸው።

«ውይ፣ ቢጫ ነህ እንዴ!»

«ሐኪም...» አልኩ።

«ምን አልክ የኔ ልጅ?»

«ሐኪም ከልክሎታል» አሉ ጋሽ ዮናታን ከኋላዬ።

«ሰው ሽባ ሆኖ ይኑር የሚለው የምን ሐኪም ነው? ግቡ፣ ግቡ።»

አስቀምጠውን ወደ ጓዳ ገቡ። አቶ ሮቤል ሶፋው ላይ ጉጉታቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ሰላም አሉን። ወይዘሮ ህሊና በአንድ እጃቸው ፍትፍት፣ በሌላው ትንሽ ብልቃጥ ይዘው ተመለሱ። ጠብታውን ፍትፍቱ ላይ አንጠባጠቡ።

«ከምግብ ጋር ሲሆን አይመርም። በል አፍህን።»

«ይቅርብኝ» አልኩ። ድምፅ አውጥቼ ነው ያልኩት። ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

«እኔ ልሙት።»

«በእውነት ጠግቤ ነው የመጣሁት።»

«አፈር ስሆን። እጄ ተዘርግቶ ሊቀር ነው?»

እጃቸው ተዘርግቶ ነበር። ከጣቶቻቸው መሐል ወጡ ሊንጠባጠብ ደርሷል። ጋሽ ዮናታን ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ራሳቸውን ወዘወዙ። ወለላ የጓዳው በር ላይ ቆማለች። ከመስኮቱ ውጪ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው፤ እግር እንዳላት አስቤ አላውቅም ነበር። የቀረልኝ ምርጫ ሁለት ነው፤ የእናቷን እጅ መልሼ እሷን ማግኘት፣ ወይም መጉረስ። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ስለ መርዝና ስለ በረዶ ብዙ አስበዋል። የተዘረጋ ጉርሻ ግን ከሁኔታዎቹ ዝርዝር ውስጥ አልገባም። ረስተውት መሆን አለበት፤ ከሁሉም የሚከፋው እሱ ነው።

ጎረስኩ።

ይጣፍጥ ነበር። ወዲያው ሁለተኛ አጎረሱኝ። አንባሬ ነጭ ሆነ።

«አየህ? ፊትህ ራሱ በራ» አሉ ወይዘሮ ህሊና።

ጋሽ ዮናታን ተነሡ። ከዚህ በፊት ያዘጋጁት ንግግር ረጅም ነበር፤ አሁን ግን ቀብር ላይ እንደሚናገር ሰው አሳጠሩት። «የመጣነው ልጃችሁን ለዚህ ልጅ ለመጠየቅ ነው። ዕድል ይስጠን» አሉና ተቀመጡ።

ሳህኖቹ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጡ። በግጥሚያ ፈጣኑ ይቀድማል፤ እንቁራሪት ጉጉትን የቀደመበት ግጥሚያ እስካሁን አልታየም። አንበሴ ብቅ አለ፣ ጉሮሮውን ነፋ፣ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ከሦስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ስለነበር ደስ ብሎታል። ጸጥታ ክንፏን አንድ ጊዜ አራገፈች። አንበሴ እያየኝ ተኛ።

«ተኝቷል» አለ አንባሬ፣ ግራጫ ሆኖ።

የተኛ ሰው ዓይኑን መጨፈን ግዴታ የለበትም፤ ጨዋ ሰው ግን ይጨፍናል። ጨፈንኩ። በቤቱ ያለው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ምስኪን» አሉ ወይዘሮ ህሊና። «መንገዱ አድክሞት ይሆናል።»

«ሦስተኛው ነው» አሉ አቶ ሮቤል። «ክፍል ውስጥም እንዲሁ ነበሩ። ገና ስለ ዝናብ መጠን ስጀምር።»

«ምን ዓይነት ልጅ ነው?» አሉ ወይዘሮ ህሊና።

«ሰላማዊ ነው» አሉ ጋሽ ዮናታን። «ቤት መኖሩን የማውቀው በሳሙናው ሽታ ነው።»

ጸጥታ አንድ ጊዜ በላባዋ ጠፈጠፈች። የአንበሴ ተራ መጣ፤ ተኝቷል፤ አለፈ። እንደገና ጠፈጠፈች። እንዲህ እያለች መጨረሷ አይቀርም። ያን ጊዜ የጋሽ ዮናታን ትንፋሽ ጆሮዬ ጋ መጣ።

«ልጄ፣ ተኝተሃል አይደል? የተኛ ሰው የሚናገረው አይመዘገብም፣ አይቆጠርም። ቃዥ።»

መጀመሪያ የመጣልኝ ያው ሳሙና ነበር።

«ሳሙናው አልጋዬ ሥር ሞልቷል» አልኩ፣ ዓይኔን እንደጨፈንኩ። «አንዱንም አልፈታሁትም። የምታጠብበትን ከሌላ ሱቅ ገዛሁ። አንቺ የጠቀለልሽውን መፍታት አልቻልኩም። መድኃኒቱን ያልጠየቅኩት በሱቁ በር ግባ እንዳትይኝ ነው። ሰው ሁሉ ሽባ ስለሆነ ነው ዝም የሚለው ይላል፤ ከዚያ በፊትም ዝም እል ነበር። ግራ የገባቸውን ትከሻቸውን ይዘሽ ስታዞሪያቸው፣ እኔንም ግራ በገባኝ ብዬ ተመኝቻለሁ። ሰመራ አትሂጂ። በጣም ይሞቃል። አይደለም፤ ሙቀቱ አይደለም። እኔ ነኝ።»

አንቺ እንዳልኳት የገባኝ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ጠረጴዛው ላይ ላባው እንደገና ጠፍ ሲል ተሰማ፣ ከዚያ አንበሴ በእንቅልፉ አንዴ ኳኳ ብሎ ወደ ሳህኑ ገባ።

«እንቢ ተብሎ ተመዝግቧል» አለ አንባሬ።

«ተኝቶ ነው የተናገረው» አለች ወለላ።

«አዎን፣ አይቆጠርም» አሉ አባቷ። ድምፃቸው ግን ስለ ዝናብ መጠን ሲያወሩ እንደነበረው አልነበረም።

እስከ ደረጃው ድረስ የሸኘችን እሷ ነበረች። ጋሽ ዮናታን የጫማቸውን ክር ለማሰር ብለው ወደ ታች ቀደሙ። ጫማቸው ክር የለውም።

«ያቺን ብልቃጥ ወደ ቤት ያመጣኋት እኔ ነኝ» አለችኝ። «ያንተ ነበረች። መጀመሪያ ሳሙና ያልክ ቀን ለብቻ አስቀመጥኳት፤ ነገ ይጠይቃል፣ ነገ ይጠይቃል እያልኩ። መስኮቱን ላስረክብ ስል ለሌላ ሰው እንዳይሰጧት ብዬ ይዣት መጣሁ። እናቴ አውጥታ ታጎርሰዋለች ብዬ አላሰብኩም።»

እኔ ተኝቻለሁ፤ አልመለስኩም።

«ስትነቃ ድገመው» አለችና ገባች።

እንቅልፍ ጠብታ የለውም፤ በራሱ ይለቃል፤ ክፋቱ መቼ እንደሚለቅ አለመናገሩ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አውቶቡስ ጨርሶ እንቢ አለኝ። አለቃዬ ደውሎ የተኛ ሰው ጣሪያ ላይ አይወጣም አለ። ቁርስ ቤት ስገባ አስተናጋጇ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን መብራት አጠፋችልኝ። ቅዳሜ መስኮቱ ጋ ተሰለፍኩ፤ መስኮቱ ውስጥ የማላውቀው ጎረምሳ ነበር፤ «ይህን ሰውዬ ቤቱ አድርሱት» አለ። ሳሙና እንኳን አልሸጠልኝም።

የሰመራው አውቶቡስ በሚነሣበት ጠዋትም አንባሬ ግራጫ ነበር። በእግሬ ወደ መናኸሪያው ሄድኩ። ምን እንደማደርግ አላውቅም። ተኝቼ የተናገርኩት አይቆጠርም፤ ነቅቼ እንዳልናገር አልነቃሁም። እንደ እውነቱ ይህ ትንሽ አጽናናኝ። እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ።

መናኸሪያው ውስጥ ሁሉም ተሳፍሯል። ወለላ ግን ሻንጣዋን እግሯ ሥር አድርጋ ውጪ ቆማለች። አቶ ሮቤል ጸጥታን ትከሻቸው ላይ አስቀምጠው አጠገቧ ናቸው። ወለላ አንባሯን ወደ አውቶቡሱ በር ታስጠጋለች።

«ተኝታለች፤ አትሳፈርም» ይላል በሩ።

አንባሯ ግራጫ ነው።

«ጠዋት በሻይ ብርጭቆ ተጣላን» አሉ አቶ ሮቤል ሲያዩኝ። «ማን ይጠብ በሚል። ግጥሚያ ሆነ። አሸነፍኳት።»

«ብርጭቆውን ማን አጠበው?» አልኩ። ሌላ ነገር አልመጣልኝም።

«እኔ» አሉ። «አውቶቡሱ ያልወሰደው ሰው ዕጣው ለተከታዩ ይተላለፋል። ደንቡ ነው፤ እኔ ያወጣሁት አይደለም። አንተንም እንቢ ያልኩህ በደንቡ ነው። ዛሬ ደግሞ ወፏን ላናፍሳት ብዬ ነው የመጣሁት።»

አውቶቡሱ ሄደ። አቧራው ገና ሳይረጋ አንባሬ ጮክ ብሎ «ነቅቷል» አለ።

ነጭ ሆነ። ቢጫ የለም፣ ግራጫ የለም። የማሳብብበት ቀለም ፈልጌ ገለበጥኩት፤ በስተውስጥም ነጭ ነው። አቶ ሮቤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጸጥታ፣ ነይ ወዲያ እንሂድ» አሉ። «እዚህ ወሬ ሊኖር ነው።»

ወለላ ዓይኗን አልጨፈነችም። ጠበቀች። አፌን ከፈትኩ።

«ሳ...» አልኩ።

ጠበቀች።

«ሰመራ እንዳትሄጂ ያልኩት እውነቴን ነው። ሳሙናውም እውነት ነው። ሁሉም እውነት ነው። አሁን ነቅቼ ነው የምናገረው።»

ስዘጋጅበት የኖርኩት ንግግር ይህ ነው። በጣሪያው ላይ ብቻዬን ስሆን ከዚህ የረዘመ ነበር።

«ተመዝግቧል» አለ አንባሬ።

አሁን ዓይኗን ጨፈነች። «እሺ» አለች። «ተኝቼ ነው ታዲያ፤ አይቆጠርም።»

«እስክትነቂ እጠብቃለሁ።»

«ዓመት ጠብቅ ተብለህ የለ?»

«አዎን። ዓመትም እጠብቃለሁ።»

«ዓመት ጠብቅ የተባልከው አንተ ነህ። እኔን ማን ከለከለኝ?» አሁንም ዓይኗ እንደተጨፈነ ነው፤ ከንፈሯ ግን አልተኛም። «ስነቃ እኔ ሽማግሌ እልክብሃለሁ። አባቴ ጸጥታን ይዞ ይመጣል። እናቴም አትቀርም።»

«ከአንበሴ ጋር ሊጋጠሙ?»

«ታዲያ ከማን ጋር?»

«አንበሴማ ይሸነፋል።»

«የጠያቂው ወገን ካሸነፈ እሺ ነው» አለች። «ደንቡን እኔ ላስተምርህ?»

ለቁም ነገር የሚፈለግ ሽንፈት ሲያጋጥመኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ቤት ደርሼ ለአንበሴ ነገርኩት። ልምምድ አያስፈልገውም።

ጋሽ ዮናታን ሲሰሙ መጥረጊያ ይዘው ክፍሌ ገቡ። ጠረጉ፣ ወንበር ከራሳቸው ቤት አመጡ፣ መሐል ላይ ቆመው ዙሪያውን አዩ።

«ሦስት እንግዳ ሊመጣብህ ነው» አሉ። «የምታቀርበው ምን አለህ?»

አልጋዬ ሥር አየሁ።

«ጋሼ፣ ድሮ እንግዳ ሲመጣ እግር ይታጠብ ነበር አላሉኝም?»

ግማሽ ፊታቸውን አዞሩ፤ ከዚያ ሙሉውን።

አንዱን ጥቅል አወጣሁና ወረቀቱን ፈታሁ።